ዘገምተኛው ዘር

ሰኔ አስራ ስምንት ቀን 2097 ዓ.ም.፣ ገና ሳይነጋ፣ የሰባተኛው ቦይ የብረት በር እያቃሰተ ተከፈተና ውሃው መጣ። የፎገራ ሰው ውሃ ሲመጣ ወጥቶ ማየት ከተወ ቆይቷል፤ የማያዝበትን ነገር ቆሞ ቢያይ ምን ይረባዋል። እማዋይሽ ግን መውጣት ነበረባት። የበሩ ምስክር እሷ ነች።

ሥራዋ ሲያዩት ቀላል ነው። በበሩ አጠገብ አንድ ምሰሶ ቆሟል፤ ምሰሶው ላይ መዳፍ የሚያክል ጥቁር መስታወት አለ። ከምሰሶው ውስጥ ድምፅ ይጠይቃል፣ እማዋይሽ ትመልሳለች፣ ከዚያ አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ ታሳርፋለች። አባቷ በዚሁ ቦይ የውሃ አባት በነበሩ ጊዜ፣ ለማን ስንት ሰዓት ውሃ እንደሚደርስ የሚቆርጡት እሳቸው ነበሩ፤ ሲዳኙ ይውላሉ፣ ሲሰደቡ ያመሻሉ። አሁን ያንን ሁሉ ባሕር ዳር ያለው የውሃ ተራ አዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሰዉ ተራ ቤት የሚለው፣ ይሠራዋል። ስድቡም ቀረ፣ ዳኝነቱም ቀረ። ለሰው የተተወለት አንድ ጣት ነው።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ እማዋይሽ» አለ ድምፁ። የሴት ድምፅ ነው፤ ከትሕትናዋ ብዛት አገሩ ሁሉ «እሜቴ» ይላታል። «የማርጠቢያው ውሃ ደርሷል?»

«ደርሷል።»

«እናመሰግናለን። ዘሩ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ መዘራቱን እንዲያረጋግጡልን በአክብሮት እናሳስባለን።»

«እሽ፣ እሜቴ» አለች እማዋይሽ፤ እንደማይዘራ ልቧ እያወቀው።

ጣና ወደ ኋላ ካፈገፈገ ወዲህ ሩዝን በመደብ አፍልቶ ወደ ማሳ መትከል ተከልክሏል፤ ውሃ ይፈጃል ተብሎ። ሁሉም ዘሩን በቀጥታ ጭቃው ላይ ይበትናል። በየማሳው መሀል አንዳንድ ዘንግ ተተክሏል፤ ሰዉ ጆሮ ይለዋል። ጭቃው ምን ያህል እንደረጠበ፣ ውሃው ስንት ጣት እንደቆመ፣ ቡቃያው የትኛው ቀን ብቅ እንዳለ ይሰማል፤ የሰማውንም ለተራ ቤት ያደርሳል። ዝናብ ከዘነበ የዘነበው ያህል ከተራህ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ በዚህ አገር ደመና ሲጠቁር ደስ የሚለው ሰው የለም፤ ልጆች እንኳ ዝናብ ሲጀምር ከመሮጥ ይልቅ የአባታቸውን ፊት ያያሉ።

የሰባተኛው ቦይ ችግር ግን ከሰማይ አልነበረም፤ ከቀን መቁጠሪያው ነበር። የማርጠቢያው ውሃ በየዓመቱ የሚደርሳቸው ሰኔ አስራ ስምንት ነው። ጭቃው እስኪረጋ አንድ ሌሊት ይፈልጋል። ሲነጋ አስራ ዘጠኝ ነው፣ ገብርኤል። በማግስቱ ሃያ፣ ሕንጸታ። በማግስቱ ሃያ አንድ፣ ማርያም። በነዚህ በሦስቱ ቀኖች እጁን ጭቃ የሚነካ ሰው በሰባተኛው ቦይ አልተወለደም። ዘር መንከር ይፈቀዳል፤ ጆንያ ውሃ ውስጥ መክተት ሥራ አይደለም ብለው ካህናቱን ካስማሙ ሁለት ትውልድ አልፏል። መዝራት ግን አይታሰብም። ስለዚህ የሚዘራው ሃያ ሁለት ነው።

ተራ ቤት ይህን አያውቅም። ተራ ቤት የሚያውቀው ውሃ ደርሶት በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ያልዘራ ቦይ ወደ ሰልፉ ጅራት እንደሚሄድ ነው፤ ጅራት የሆነ ቦይ ደግሞ ውሃ የሚያገኘው በሐምሌ መጨረሻ፣ አረሙ ጉልበት ካወጣ በኋላ ነው። እናም እማዋይሽ ምስክር ከሆነች አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በአስራ ስምንት ማታ ወደ ምሰሶው ትሄዳለች፤ «ዘሩ ተዘርቷል?» ስትባል «ተዘርቷል» ትላለች፤ ጣቷን ታሳርፋለች። ያኔ ጆንያዎቹ ገና በየቤቱ ጓዳ ደርቀው ተቀምጠዋል። ማንንም የማይጎዳ ውሸት ነው ብላ ነበር። ሁሉም ማንንም አይጎዳም ብለው ነበር።

ዘንድሮም እንደዚያው አደረገች። ሃያ ሁለት ጧት አርባ ሁለቱም አባወራ ወጣ፤ ጭቃው እንደ ገንፎ ለስልሶ ነበር፤ ወንዱም ሴቱም ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ ያጎነቆለውን ዘር ከእንቅብ እየዘገነ በተነው። እስከ ቀትር ጨረሱ።

በሰኔ ሃያ አራት በሩ ላይ ያለው ደወል ተደወለ። ደወሉ ሲደወል ከየቤቱ አንዳንድ ሰው መምጣት ግዴታ ነው።

«የሰባተኛው ቦይ ነዋሪዎች እንደምን ዋላችሁ» አለች እሜቴ። «አንድ ውሳኔ እንድናሳውቃችሁ ይፈቀድልን። ባለፉት አስራ አንድ ዓመታት የዚህ ቦይ ዘር ከሌሎች ቦዮች ዘር አራት ቀን ዘግይቶ እንደሚበቅል ጆሮዎቻችን አረጋግጠዋል። ስለዚህ ዘሩ ዘገምተኛ ተብሎ ተመዝግቧል። እስከ አምና ድረስ ለዘገምተኛነቱ አራት ቀን እየታገሥነው ቆይተናል። የሐይቁ መጠን ከዚህ በኋላ መታገሥን አይፈቅድም።»

ከፊት የቆመው ስመኘው ነበር፤ ማሳው ከበሩ ቀጥሎ ነው፤ አፉ ደግሞ ከማሳው ይሰፋል። «የትኛው ዘር ነው ዘገምተኛ?» አለ። «አለሜን ነው?»

አለሜ የሚሉት ዘራቸውን ነው። አገሩ ሁሉ ከማከማቻ የሚታደለውን ሲዘራ፣ እነሱ ከየአባታቸው የተረከቡትን አለሜን ይዘው ቀርተዋል። ለእንጀራውም ለጠላውም ይሆናል፤ ገለባውን ከብት ይሻማበታል።

«ዘሩ ራሱን እንዲያሳይ አንድ ዕድል ተሰጥቶታል» ቀጠለች እሜቴ። «በተዘራ በአስራ ሁለተኛው ቀን፣ ማለትም ሰኔ ሠላሳ፣ አራት ጣት ውሃ ይገባል፤ ሦስት ቀንም ይቆማል። በሦስተኛው ቀን ከውሃው በላይ ሁለት ጣት ካልታየ፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮ አይዘራም። በምትኩ ከማከማቻው ቁጥር አርባ አንድ ይታደላችኋል። መልካም ቀን ይሁንላችሁ።»

ማንም ሰው ጣቱን አላጠፈም እንጂ ሁሉም በልቡ ቆጠረ። ከአስራ ስምንት ቢቆጠር ሰኔ ሠላሳ አስራ ሁለተኛ ቀን ነው። ዘሩ የተዘራው ግን ሃያ ሁለት ነው። ስምንት ቀን።

በጭቃ ላይ የተበተነ ሩዝ መጀመሪያ የሚፈልገው እርጥበት እንጂ ውሃ አይደለም። ሦስተኛ ቅጠሉን ሳያወጣ ውሃ ከቆመበት ታፍኖ ይበሰብሳል። ሦስተኛውን ካወጣ በኋላ ውሃ ካልቆመበት ደግሞ አረም ይውጠዋል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ ጠባብ ናት፤ የእማዋይሽ አባት በዚያች ሰሞን እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። የስምንት ቀን ቡቃያ ቁመቱ ሦስት ጣት አይሞላም። አራት ጣት ውሃ ቢገባበት ሦስት ቀን አይደለም አንድ ቀንም አይችልም።

«ውሃውን በጎን እናስወጣዋለን» አለ ስመኘው ወዲያው። «ማታ ማታ ድንበሩን ቀደድ እያደረግን…»

«ጆሮው ይሰማል» አለው አንዱ።

«ጆሮውን እንነቅለዋለን!»

«እሱንም ይሰማል።»

«ኧረ እንዲያውም አዲሱን ዘር ብንቀበል ምን አለበት?» አለ ከኋላ የቆመ ሰው። «ፈጣን ነው ይላሉ።»

ይህን ጊዜ እትዬ ጠጄ ምርኩዛቸውን ወዘወዙ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ አለሜን ከጎተራ እየመረጡ ለዘር የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው። «ቁጥር አርባ አንድን የልጄ አማት አገር ዘርተውታል» አሉ። «ያፈራል፣ አላፈራም አልልም። ግን ተመልሶ አይዘራም። ያፈራውን ብትዘራው ገለባ ነው የሚሆን። በየዓመቱ ጆንያህን ይዘህ ደጅ ልትጠና ነው። አንድ ዓመት የለም ቢሉህስ?»

በዚያች ሰዓት ነገሩ ሁሉ ለእማዋይሽ ገባት። ዘሩ ዘገምተኛ አልነበረም፤ አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። አስራ አንድ ዓመት ስትዋሽ ተራ ቤት ውሸቷን አምኖ፣ ጉድለቱን ዘሩ ላይ ጽፎት ኖሯል።

ስሕተቱን ማቃናት የሚችል አንድ ሰው ነው፤ ተራ ቤት ከምስክር በቀር የማንንም ቃል አይቀበልም። በሐሰት የመሰከረ ሰው ግን አውራ ጣቱ ይዘጋል። የሦስተኛው ቦይ ምስክር ከአራት ዓመት በፊት ተዘግቶበት ነበር። ጣቱ የተዘጋበት ሰው የመጠጥ ውሃ መቅዳት አይችልም፣ ጤና ጣቢያ መድኃኒት አይሰጡትም፣ አውቶቡስ አይሳፈርም፤ አጠገቡ የሚቆምለት ጣት ካልተገኘ በቀር ቆሞ የሚሄድ ነገር ነው እንጂ ሰው አይባልም። ያ ሰውዬ በመጨረሻ በእግሩ ወደ መተማ ሄደ ይባላል።

ስለዚህ «አንቺ ንገሪያቸው» ያላት አልነበረም። ሁሉም ግን ጣቷን አዩ። እማዋይሽ እጇን ነጠላዋ ውስጥ አስገባች፤ ሰዉም አፍሮ ዓይኑን ሰበረ።

ባሏ ዳምጤ ጉልበቱ ከተያዘ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ከመደቡ ላይ ሆኖ በሩን ያያል፣ አላፊውን ሁሉ ይተርባል። የዚያን ዕለት ግን ሲያያት አልቀለደም።

«ደወሉ የምን ነበር?»

ነገረችው። ዳምጤ ሰምቶ ሲጨርስ የገዛ አውራ ጣቱን ወደ ብርሃኑ አቅርቦ ተመለከተ። አርባ ዓመት አረም የነቀለ ጣት መስመር አይቀረውም፤ መስታወቱ የሱን ጣት ማንበብ ካቆመ ቆይቷል። ሁለቱ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። በዚህ ቤት ያለው ጣት የእማዋይሽ ብቻ ነው። ውሃው በሱ ይቀዳል፤ የዳምጤ የደም ግፊት ኪኒን በየሳምንቱ በሱ ይመጣል።

«ቢዘጋ ምን እንሆናለን?» አለች።

«እኔማ እሞታለሁ» አለ ዳምጤ። «አንች ደግሞ ታገቢያለሽ።»

«ዳምጤ!»

«ምን ላድርግሽ? ንገሪ ብልሽ ክፉ ባል ነኝ፣ ዝም በይ ብልሽ ደግሞ ክፉ ሰው ነኝ።» ጉልበቱን እያሻሸ ቀጠለ። «አባትሽ ሲሞቱ ለቀብር የመጣውን ሰው ታስታውሻለሽ? ግማሹ በውሃ የከሰሳቸው፣ ግማሹ የሰደባቸው ነበር። አንድስ እንኳ ዋሹኝ ያለ ነበር?»

«አልነበረም።»

«እንግዲህ እኔ ጉልበቴን ነው የታመምሁት፣ ሌላ የምለው የለኝም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እማዋይሽ እንዳያለቅስባት ፈርታ ወጣች።

አራት ቀን ሙሉ በየማሳው ድንበር እየዞረች ቡቃያውን አየች። ሃያ ስድስት ላይ መርፌ የመሰለ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ሃያ ሰባት ላይ አረንጓዴ ሆነ። ሃያ ስምንት ላይ የመጀመሪያ ቅጠሉን ዘረጋ። ሰዎች ሲያገኟት ሰላምታቸው ረዘመ፤ ስለ ዳምጤ ጉልበት ይጠይቃሉ፣ ስለ ልጆቿ ይጠይቃሉ። የስመኘው ሚስት አንድ ቅል እርጎ ላከችላት። እርጎው አስመረራት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ሃያ ዘጠኝ ጧት ተነሥታ ታጠበች፣ የክት ቀሚሷን ለበሰች፣ ወደ ምሰሶው ሄደች። ስመኘው ከበሩ ቀጥሎ ያለውን ማሳውን ለማየት ወጥቶ ነበር፤ ሲያያት እንዳላየ ሆኖ ጎንበስ አለ፤ ግን አልሄደም።

«እሜቴ፣ የምናገረው አለኝ።»

«እየሰማን ነው፣ ወይዘሮ እማዋይሽ።»

«ዘሩ የተዘራ ሰኔ አስራ ስምንት አይደለም። ሃያ ሁለት ነው። ውሸት ነው የመሰከርሁ።»

ያው የተለመደው ድምፅ መለሰላት።

«እውነቱን ስለ ነገሩን እናመሰግናለን። የዘንድሮው ቀን ተስተካክሏል፤ ዘሩ ስለ ተዘራ ተራችሁ አይዛወርም። ውሃው ሰኔ ሠላሳ አይገባም፤ ሐምሌ አራት ይገባል። ለአንድ ዓመት የሐሰት ምስክርነት አውራ ጣትዎ ለስድስት ወር ይዘጋል።»

ስድስት ወር። ስድስት ወር ምንም አይደለም፤ ስድስት ወር የጎረቤት ጣት ይበቃል። ቡቃያው ተረፈ፣ እሷም ተረፈች። ልትሄድ ዞር አለችና ቆመች።

«አለሜስ?» አለች። «ዘሩስ? ዘገምተኛነቱ ተሰረዘለት?»

«አልተሰረዘም። ዘገምተኛነቱ የተመዘገበው በአስራ አንድ ዓመት መረጃ ነው። የአንድ ዓመት መስተካከል አማካዩን አይለውጠውም። ዘንድሮ ቢያልፍም ዘሩ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ይተካል።»

ስመኘው ይህን ሲሰማ ቀና አለ። ፊቱ ጭቃ ነበር። «እማዋይሽ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይበቃል። ነይ ውረጅ።»

«ዝም በል፣ ስመኘው።»

«ይበቃል አልኩሽ! አንድ ዓመት ነው የተናዘዝሽ፣ እሱም በዛ። ዘር ነው፣ ሌላ ዘር ይመጣል። ዳምጤን አስቢው እንጅ!»

እማዋይሽ አሰበችው። በመደቡ ላይ ተቀምጦ በሩን ሲያይ አሰበችው። እትዬ ጠጄንም አሰበች፤ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ዛላ ከዛላ እያስተያዩ ሲመርጡ፣ ዓይናቸው ደክሞ በጣታቸው ሲዳስሱ። ዘሩ ምንም አላጠፋም። እሷ ያጠፋችውን በሱ ስም ጽፈው ሊያጠፉት ነው። ይህ ነገር እንደ እሾህ ወጋት። በሰው ላይ ቢደረግ ግፍ ነው ትለው ነበር፤ ዘር ላይ ሲደረግ ምን እንደሚባል አላወቀችም፤ ግን አልቻለችውም።

«አስራ አንዱንም ዓመት ነው የዋሸሁት» አለች። «በየዓመቱ የተዘራ ሃያ ሁለት ነው። አንድም ዓመት አስራ ስምንት ተዘርቶ አያውቅም። ዘሩ ዘግይቶ አያውቅም።»

«ምክንያቱን ይንገሩን። ጎርፍ፣ የዘር እጥረት፣ የመሣሪያ ብልሽት፣ ሕመም፣ ወይስ ሌላ?»

«በዓል ነበር። ገብርኤል፣ ሕንጸታ፣ ማርያም።»

«በዓል ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሌላ ብለን እንመዝግበው?»

«መዝግቢው።»

«የአስራ አንዱም ዓመት ቀን ተስተካክሏል፤ ዘሩ ከውሃው በላይ ሁለት ጣት ከታየ ዘገምተኛነቱ ይሰረዛል። ለአስራ አንድ ዓመት የሐሰት ምስክርነት አውራ ጣትዎ ለዘለቄታው ይዘጋል። ቃልዎ ከዛሬ ጀምሮ በማንኛውም ጉዳይ ተቀባይነት አይኖረውም። ለማረጋገጥ እባክዎ አውራ ጣትዎን መስታወቱ ላይ ያሳርፉ።»

እማዋይሽ ሳቀች። ስመኘው ያበደች መስሎት ደነገጠ። እሷ ግን እየሳቀች ጣቷን አሳረፈች፤ መስታወቱ ለአፍታ በራና ጠፋ። ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ ስመኘውም ከማሳው ወጥቶ፣ በጭቃ እጁ ሊነካት አፍሮ፣ አጠገቧ ቆመ።

በሳምንቱ ውስጥ እማዋይሽ ጣት የሌለው ሰው እንዴት እንደሚኖር ተማረች። ከውሃ መቅጃው ፊት ቆማ ብትጫን፣ ብትጫን ቧንቧው አልከፈት አለ፤ ከኋላዋ የነበረችው ልጅ ሳትጠየቅ እጇን ዘርግታ ከፈተችላት። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነርሷ አወቀቻት፣ ስሟን ጠርታ ሳመቻት፣ መድኃኒቱን ግን መስጠት አልቻለችም። መሳቢያው በጣት ነው የሚከፈተው። በማግስቱ ስመኘው ሄዶ ዳምጤን ወንድሜ ነው ብሎ ፈረመና ኪኒኑን አመጣ። ዳምጤ ኪኒኑን ተቀብሎ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ያንተን ቀልድ መስማት ግዴታዬ ሊሆን ነው» አለው። ሁሉም ሳቀ፤ እማዋይሽ ግን ጓዳ ገባች። ሰው በረዳት ቁጥር ትሰጋለች፤ ነገ ቢሰለቹስ? ከርሞ ቢሰለቹስ? ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ቦዩ አዲስ ምስክር መምረጥ ነበረበት። ስብሰባው አጭር ነበር፤ ሁሉም አልፈልግም ስላለ ስመኘውን መረጡት፤ እሱም አልፈልግም ብሎ ነበር።

ሐምሌ አራት ውሃው ገባ። ቀስ ብሎ፣ ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው እያለፈ፣ አራት ጣት ሞላና ቆመ። ቡቃያው ሦስተኛ ቅጠሉን አውጥቶ ነበር። ሦስት ቀን ሰዉ ምንም አልሠራም ማለት ይቻላል፤ ድንበር ለድንበር እየሄደ ውሃውን ያያል። የመጀመሪያው ቀን ቅጠሎቹ ውሃው ላይ ተኙ። በሁለተኛው ቀን ነፋስ ነፍሶ ውሃው ደፈረሰ፣ ምንም አልታይ አለ። እትዬ ጠጄ በቃሬዛ ካልወሰዳችሁኝ ብለው አስቸገሩ፤ ወሰዷቸው፤ ዓይናቸው ስለማያይ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከትተው ብዙ ጊዜ ቆዩና ተመለሱ።

ሐምሌ ሰባት ሥላሴ ነው። ማየት ሥራ አይደለምና ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሁሉ ነጭ እንደለበሰ በሩ ጋ ተሰበሰበ። ዳምጤን እንኳ በወንበር ተሸክመው አመጡት። ደወሉ ተደወለ።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ስመኘው» አለች እሜቴ። «ጆሮዎቻችን የውሃውን ከፍታ ነግረውናል። የቡቃያውን ከፍታ ግን ምስክር በዓይኑ አይቶ እንዲነግረን ያስፈልጋል። ቡቃያው ከውሃው በላይ ስንት ጣት ወጥቷል?»

ስመኘው ወደ ማሳው አየ። ማሳው የራሱ ነው፤ ከዳር ሆኖ ቢያይ አረንጓዴው ውሃው ላይ ብቅ ብሏል፤ ስንት ጣት ነው ቢባል ግን አንድም ይመስላል፣ ሦስትም ይመስላል፤ ልቡ የሚፈልገውን ያሳየዋል። አርባ አንዱ አባወራ ከኋላው ቆሟል። ትንሽ ጨመር ቢያደርግ ማንም አይቆጣውም። ያ ሁሉ ሰው እንዲጨምር እየለመነው እንደሆነ ጀርባው ላይ ተሰማው።

«አንድ ጊዜ ታገሽኝ፣ እሜቴ» አለ።

«አንድ ሰዓት አለዎት።»

ስመኘው ዞረ። «እማዋይሽ የት አለች?»

ከሁሉም ኋላ፣ ከዳምጤ ወንበር አጠገብ ቆማ ነበር። ሰዉ መንገድ ከፈተላት፤ እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ምን ልትሆንልህ ነው?» አለች። «የኔ ቃል አይቆጠርም። ተነግሮሃል።»

«እሷ ዘንድ ነው የማይቆጠር» አለ ስመኘው በአገጩ ወደ ምሰሶው እያመለከተ። «ጣቱን እኔ አሳርፋለሁ። ግን አንች ሳታይው አላሳርፍም። ግቢና ለኪው።»

«ሁለት አይሞላ ይሆናል፣ ስመኘው። ያየሁትን ነው የምናገር።»

«ለዚያ እኮ ነው የጠራሁሽ።»

እማዋይሽ ጫማዋን አወለቀች፣ ነጭ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች፣ ወደ ማሳው ገባች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። መሀል ደርሳ ጎንበስ አለችና ጣቶቿን አጋጥማ ከውሃው ፊት ጀምራ ወደ ላይ ለካች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ደገመች፤ ወደ ታችኛው ማሳ ተሻግራም ለካች። የተዘጋው ጣቷም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ቡቃያውን ይነካ ነበር። አልቸኮለችም። ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅሯል፤ ፊቷ ግን ረጋ ያለ ነው።

«ሁለት ጣት ከግማሽ» አለች። «ታችኛው ማሳ ላይ ሁለት ብቻ ነው። ሁሉም ግን ወጥቷል፤ ከስር የቀረ የለም።»

ስመኘው ወደ ምሰሶው ዞሮ ያለችውን ቃል በቃል ተናገረና ጣቱን አሳረፈ። እሜቴ አመሰገነችው፤ ዘሩ አማካይ ተብሎ መመዝገቡን፣ ዘገምተኛ የሚለው መሰረዙን፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮም ሰባተኛው ቦይ ትርፍ አራት ቀን እንደማይኖረው በአክብሮት ነገረችው። ስለ መጪው ሰኔ ያኔ ይታሰባል፤ አሁን ግን እትዬ ጠጄ እልል ብለው ነበርና የእሜቴን የመጨረሻ ቃል የሰማ የለም። እማዋይሽ ዳር ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ከጭቃ ታጥባለች። ከእሷ በኋላ ወደ ማሳው ገብቶ እንደገና የለካ ሰው አልነበረም።